ሦስቱ ጢማሞችና ፊት ያልነበራቸው ሥላሴ

ዘንድሮ ጎንደር ወጥቼ የዓይኔን ሞራ አስገፈፍኩ። ፋሻው ሲነሣልኝ መጀመሪያ ያየሁት የገዛ እጄን ነው፤ ለካ እንዲህ ተጨማዶ ኖሯል። ገንዳ ውሃ እንደተመለስኩ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በየቤተ ክርስቲያኑ የሣልኳቸውን ሥዕሎች ዞሬ ማየት ጀመርኩ። ገና ሁለት ሦስቱን እንዳየሁ ብሩሼን አጥቤ ሰቀልኩ። የአንዷ እመቤታችን ግራ ቅንድብ ሽቅብ ሸሽቶ ሻሿ ውስጥ ሊገባ ደርሷል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ ደግሞ በቅሎ ልበለው አህያ ልበለው ግራ ገባኝ። ሰው አክብሮኝ ነው መሰል ማንም ትንፍሽ ሳይል ኖሯል።

ልጆቼ ያዘንኩ መስሏቸው ሰሞኑን ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያናግሩኛል። እውነቱን ከተናገርኩ ግን ተገላግያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በማለዳ ተነሥቼ ለቀለም እንቁላል ስሰብር ኖርኩ፤ አሁን እንቁላል ሲመጣ ጥብሱን ነው የማስበው። አብያተ ክርስቲያናቱም ከከተማ የታተመ ሥዕል እያስመጡ ይለጥፋሉ። “አይቆጭህም?” የሚሉኝ አሉ። ምን ይቆጨኛል! የታተመው ቢያንስ ቅንድቡ አይሸሽም።

አንድ ሥዕል ብቻ ለማየት ፈራሁና ለመጨረሻ አቆየሁት። ስለሱ ለመናገር ስለ መሪጌታ ውብነህ መናገር አለብኝ፤ ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ተወልጄ ያደግሁት ደምቢያ ነው። በደርግ ዘመን፣ ተማሪ ሳለሁ እጄ ለፊደል የተመቸ መሆኑ ታወቀና አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመፈክር ጻፊነት ቀጥሮ ወደ ገንዳ ውሃ ላከኝ፤ ያን ጊዜ ብዙው ሰው ሸህዲ ነበር የሚላት። ደመወዟ ላንድ ላጤ አታሳፍርም። ሥራዬ በቀይ ጨርቅ ላይ በቢጫ ቀለም መፈክር መጻፍ፣ የመሥሪያ ቤቱን ታፔላ ማደስ፣ በመኪናው በር ላይ ስሙን መጻፍ ነበር። በዓል ሲደርስ እጄ እስኪዝል እጽፋለሁ፤ በዓሉ ሲያልፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ዝንብ እሽ እላለሁ።

ቀለም የምንገዛው ከሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ነው። ሐጂ ከሱዳን ድንበር ማዶ ከገላባት ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ከሻይ ብርጭቆ እስከ ጀላቢያ የሌላቸው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ቢጫ ቀለም ልገዛ ብገባ አንድ ሻሽ የጠመጠሙ ቀጭን ሽማግሌ ሰማያዊ የልብስ ኒላ በጣታቸው ጫፍ ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ ሲያደርጉ አየሁ።

“ኧረ አንቱ፣ መርዝ እንዳይሆን!” አልኳቸው ደንግጬ።

“መርዝስ አንተ የምትቀባው” አሉኝ ዞር ብለው ሳያዩኝ። “የዚያን መሥሪያ ቤት ታፔላ የጻፍህ አንተ ነህ?”

“አዎ።”

“ፊደልህ ደህና ነው። ከላዩ የሣልኸው ኮከብ ግን አንዱ ጫፍ ካንዱ ይረዝማል። ሰው ቢያይህ ምን ይልሃል?”

ሐጂ ኢድሪስ ሳቁ። “መሪጌታ እኮ ናቸው፤ የሥላሴን ቤተ ክርስቲያን የሚሥሉት። እኔ ኒላ ስሸጥ ሁለት ዓይነት ደንበኛ ነው ያለኝ፤ አንዱ ለሸሚዝ፣ አንዱ ለመላእክት።”

ተናደድኩ። መሥሪያ ቤት ሄጄ ኮከቡን በክር ለካሁት፤ እንዳሉት አንዱ ጫፍ ይረዝማል። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄድኩ። ሥላሴ ከገንዳ ውሃ ወደ ገለጉ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ያለች፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ ሣር የሆነ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። መሪጌታ የመቅደሱን ግድግዳ በአቡጀዲ አልብሰው ላዩ ላይ እየሣሉ ነበር። ስለ ኮከቡ ልከራከር ሄጄ ሙጫ ሳማስል ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ሲመጣ እዚያው ነኝ። ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች “ጓንግ ወንዝ ዓሣ ላጠምድ ነው” እላቸዋለሁ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ መታየቱ ያኔ ደግ አልነበረም። አንድም ቀን ዓሣ ይዤ አለመመለሴ ግን መሳቂያ አድርጎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ሙጫ ነው። የበሬ ቆዳ ቁርጥራጭ ቀኑን ሙሉ ይቀቀላል፤ መሪጌታ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል ያደርጉና ጣታቸውን ይከፍታሉ። እንደ ማር ክር ካልመዘዘ አልበሰለም። ደጋ ቢሆን እዚህ ላይ ያልቃል። ቆላ ግን ምስጥ አለ፤ ምስጥ ደግሞ የቆዳ ሙጫ ሲወድ ለጉድ ነው። መሪጌታ ከጎንደር እንደወረዱ በደጋው ደንብ ሠርተው ነበርና በመጀመሪያው ክረምት ሐዋርያቱ እስከ ጉልበታቸው ተበሉ። ከዚያ ወዲያ ከሙጫው ጋር የኒም ቅጠል መቀቀል ጀመሩ። ሙጫው ሬት ሆነ፤ ምስጡም ሐዋርያቱን ተወ። አቡጀዲው በዚያ ሙጫ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ላዩ ላይ ጀሶ በስሱ እየተደራረበ ይቀባል፣ ደርቆ በለሰለሰ ድንጋይ ይታሻል። እጅ ሲያልፍበት የሕፃን ጉንጭ እስኪመስል ድረስ ብሩሽ አይነካውም።

ቀለሙ በእንቁላል አስኳል ይለወሳል። አስኳሉን ከመዳፍ መዳፍ እያገላበጡ ያደርቁታል፤ ቆዳው ሲደርቅ በሁለት ጣት አንጠልጥለው ከሥር ይወጉታል። ፈሳሹ ጥዋ ውስጥ ይወርዳል፣ ቆዳው ጣት ላይ ይቀራል። እኔ ይህን እስክለምድ ድረስ የቤተ ክርስቲያኑ ውሾች ወፈሩ። በቆላ ሙቀት አስኳሉ ከረፋድ በኋላ ስለሚሸት ሥራ የሚጀመረው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። ቀዩና ቢጫው ከአፈር፣ ጥቁሩ ከኩራዝ ጥቀርሻ፣ ሰማያዊው ከሐጂ ኢድሪስ ኒላ ነው። ብሩሹ ሸምበቆ ላይ የታሰረ የፍየል ጠጉር ነው።

መሪጌታ አንድ የማይተውት ልማድ ነበራቸው። ጥዋት እንደገቡ ለሥዕሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ቀለሙ ተለውሶ እስኪያልቅ አይዞሩም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው “መጀመሪያ እነሱ ይዩኝ” አሉ። “እኔ እንደሁ ቀኑን ሙሉ ሳያቸው ልውል ነው።” ያኔ ያረጀ ሰው ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ።

ከሁሉ አጥብቀው ያስተማሩኝ የዓይንን ነገር ነው። በእኛ አሣሣል ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፤ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ሰማዕታትን የሚያስገድለው ንጉሥ ግን ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይናቸው ነው የሚሣሉት። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ሥዕል ፊት ሲቆም መጀመሪያ ዓይን ይቆጥራል። ሁለት ከሆነ ይሰግዳል፤ አንድ ከሆነ ፊቱን አዙሮ ያልፋል።

የሚያሳዝነው የመሪጌታ የራሳቸው ዓይን እየጨለመ መሄዱ ነው። ሞራ ነበር፤ ያኔ በዚያ አገር የሚገፍፈው አልነበረም። የመቅደሱ ትልቁ ሥዕል ሥላሴ ነው፤ ሦስት እኩል ሽማግሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አራቱ እንስሳ በየማዕዘኑ። ልብሱ አልቋል፤ እጆቹ አልቀዋል፤ አንበሳውና ንስሩም አልቀዋል። ፊቶቹ ግን ሦስት ነጭ ባዶ ቦታዎች ነበሩ። መሪጌታ ፊቱን ለመጨረሻ ሲያቆዩት ዓይናቸው ቀደማቸው። ምእመናኑ የደብሩን አገልጋይ ቄስ አዛናውን “ሥላሴ መቼ ነው የሚያዩን?” እያሉ ይጠይቋቸዋል። ቄስ አዛናው መሪጌታን ያያሉ፣ መሪጌታም መሬት ያያሉ።

“ፊቱን እኔ ልሞክረው?” እላቸዋለሁ።

“አንተ ገና ነህ።”

“መቼ ነው የምደርሰው?”

“ስትደርስ።”

እንዳልደረስኩ አውቃለሁ። ግን ዓይናቸው ጨርሶ ከጠፋ የሚያስተምረኝ እንደማይኖር፣ ሥላሴም እንደዚያው ፊት አልባ ሆነው እንደሚቀሩ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ያ ነገር እንቅልፍ ይነሣኝ ጀመር።

በዚህ መሐል የአብዮት በዓል ደረሰ። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ጓድ መስፍን የሚባል የጎንደር ልጅ ነው። ክፉ አልነበረም፤ አለቆቹን ስለሚፈራ ብቻ እኛን ያስፈራራን ነበር። ጠራኝና አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ሰጠኝ። ሽፋኗ ላይ ያን ጊዜ በየቢሮው የሚሰቀሉት ሦስቱ ጢማም ፈረንጆች አሉ፤ ስማቸውን ያልሸመደደ የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም።

“ይህን አሳድገህ በትልቅ አቡጀዲ ላይ ትሥላለህ፤ በሩ ላይ ይሰቀላል። ከኋላቸው ፀሐይ ትውጣ፤ የአብዮት ፀሐይ።”

መጽሐፏን ይዤ ወጣሁና ሽፋኗን አስተዋልኩ። ሦስቱም ወደ ጎን ዞረዋል። ሦስቱም አንድ አንድ ዓይን ናቸው! ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ሁሉ የወረደው ሠራተኛ ያንን ሲያይ “ሦስት ሰይጣን በር ላይ ሰቀሉ” ይላል። ይህ ወሬ ጓድ መስፍን ጆሮ ሲገባ የሚጠየቀው ሠዓሊው ነው። ስለዚህ በጣም ብልህ የሆንኩ መሰለኝ፤ ሦስቱንም ወደ ፊት አዞርኳቸው። ሁለት ሁለት ዓይን ሰጠኋቸው። የማውቀው ዓይን ደግሞ የመሪጌታን ብቻ ነው፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ የትም ብትቆም የሚከተልህ። ጢማቸውን አበጥሬ አወረድኩት። ፀሐይዋንም ላንዱ ሰጥቼ ለሌላው ብነሣ ጣጣ ያመጣብኛል ብዬ ለያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዙሪያ አንድ አንድ ፀሐይ አወጣሁላቸው። አንደኛው መላጣ ነበር፤ መላጣነቱን አልነካሁበትም።

የበዓሉ ዕለት ጥዋት ሠራተኛው በሰልፍ ወደ አደባባዩ ይመጣል። ከፊት የነበሩ አንድ ሸምገል ያሉ የጎጃም ሰው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ሽቅብ አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን አጣፍተው “ኧረ ሥላሴን! በዚህ በረሃ! ተመስገን!” አሉና ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። ከኋላቸው ያለው ሁሉ ተከተለ። አንዱ የበሩን ምሰሶ ይስማል፣ ሌላው ያማትባል፣ አንዲት ሴት እልልታዋን አቀለጠችው። መድረኩ ላይ ካሉት እንግዶች አንዱ ወደ ጓድ መስፍን ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሲለው አየሁ። የጓድ መስፍን ፊት እንደ አቡጀዲው ነጣ።

ከሰዓት በፊት ጨርቁ ወርዶ ተጠቀለለ፤ እኔም የመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ከባዶ ጆንያ ጋር ተቆለፈብኝ።

“ሆን ብለህ ነው!” ይለኛል ጓድ መስፍን። “ሃይማኖት ልታስፋፋበት ነው! ዓሣ ላጠምድ እያልክ የት እንደምትሄድ የማናውቅ መሰለህ?” በማግሥቱ ወደ ላይ አሳልፎ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። ያን ጊዜ ወደ ላይ የተሰጠ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስለራሴ ፈራሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ሦስቱ ነጭ ባዶ ቦታዎች ትዝ አሉኝ። አሁንስ ማን ሊሞላቸው ነው?

በማግሥቱ ጥዋት የመጋዘኑ በር ሲከፈት መሪጌታ ውብነህ የሐጂ ኢድሪስን ክንድ ይዘው ቆመዋል። ቄስ አዛናው ነግረዋቸው ኖሯል። ጓድ መስፍን ለማንም “ጓድ” እንጅ ሌላ አይልም ነበር፤ መሪጌታን ሲያይ ግን ሳያስበው “አንቱ” ወጣው።

“አንቱ ደግሞ ምን ፈልገው ነው?”

“ልጁ ሥላሴን ሥሎ ታሠረ አሉኝ።”

“ሥሏል እንጅ! ሕዝቡ ሁሉ ሰገደ እኮ!”

“ሕዝብማ ይሳሳታል፣ ልጄ። የኔ ዓይን አያይም። እስቲ ጨርቁን ዘርጋና አንተ ንገረኝ።”

ጓድ መስፍን በንዴት ዘረጋው።

“ሦስቱ እኩል ናቸው?” አሉ መሪጌታ።

“እኩል ማለት?”

“ጢማቸው፣ ጠጉራቸው፣ ፊታቸው። ላንዱ የሰጠኸውን ለሌላው ካላጓደልህ ነው ሥላሴ የሚባለው።”

ጓድ መስፍን ጎንበስ ብሎ አየ። “አይ፣ የዚህኛው ጢም ይበዛል። የመሐለኛው ያንሳል። ይሄ ደግሞ መላጣ ነው።”

“መላጣ!” መሪጌታ የምራቸውን ጮኹ። “መላጣ ሥላሴ የት አገር ታውቃለህ? እጃቸውስ ምን ይዟል?”

“እጅ የላቸውም። እስከ ትከሻቸው ብቻ ናቸው።”

“አንበሳው፣ ንስሩ፣ ላሙስ? ሰውየውስ?”

“የሉም።”

“በራሳቸው ዙሪያ ፀሐይ አለ አሉ። እሱን ማን አዘዘ?”

ጓድ መስፍን ጉሮሮውን ጠረገ። “እኔ ነኝ።”

“እንግዲህ ነገሩ አለቀ። ይህ ልጅ የኔ ተማሪ ነው፤ አልክድም። ፊት ግን አላስተማርኩትም። ፊት የማያውቅ ሰው ፊት ሣለና ሥዕሉ የማይሆን ነገር መሰለ። ጥፋቱ የእጁ ነው፤ የልቡ አይደለም። እጁ ደግሞ ታሥሮ አይቀናም።”

እንደዚያ ፈርቼ እንኳ ቅር አለኝ። በሰው ፊት ፊት አያውቅም እባላለሁ እንዴ! ሐጂ ኢድሪስ ዓይኔን አይተው ኖሮ “ዝም በል” የሚል ምልክት በጣታቸው ሰጡኝ። ጓድ መስፍን ወረቀትና ብዕር አወጣ። ለአለቆቹ የሚነግረው ነገር አጥቶ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረው ለካ እሱም ነው። ሪፖርቱ ላይ “በሠዓሊው የችሎታ ማነስ ምክንያት” ተብሎ ተጻፈ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተመስግኛለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያስደሰተችኝ ግን የለችም።

“አሁን እንደገና ትሥለዋለህ” አለኝ ጓድ መስፍን በሩን እየከፈተልኝ። “ልክ በመጽሐፏ እንዳለው! ወደ ጎን!”

“ወደ ጎን ሲሆን ዓይናቸው አንድ ብቻ ነው የሚታየው” አልኩ።

“አንድ ዓይን! አንድ ዓይን ነው ያልኩህ! ከራስህ አንዲት ነገር እንዳትጨምር!”

መሪጌታን ድንገት ሳል ያዛቸው። ሐጂ ኢድሪስ ክንዳቸውን ይዘው በጥድፊያ አወጧቸው፤ ከአጥሩ ውጭ ሁለቱ ሽማግሎች ተደጋግፈው ሲንፈቀፈቁ በመስኮት አየኋቸው። እኔም እንደታዘዝኩት ሣልኩ። ሠራተኛው በገበያ ቀን በበሩ ሲያልፍ ቀና ይላል፣ ዓይን ይቆጥራል፣ ፊቱን ያዞርና እርምጃውን ያፈጥናል። ጓድ መስፍን የሚሰግድ በመጥፋቱ ደስ ብሎት “አሁን ገና ቁም ነገር ሆነ” አለኝ።

ሰሊጡ ታጭዶ ካለቀ በኋላ በአንድ እሑድ መሪጌታ እንደልማዳቸው ጀርባቸውን ለሥዕሉ ሰጥተው ጠበቁኝ።

“ፊት ሳታውቅ ፊት ልትሥል ነው እንግዲህ ልማድህ። ሌላ ጊዜ ላስፈታህ አልችልም” አሉኝ። “ብሩሽ አንሣ።”

አነሣሁ። የግራውን ፊት አንድ እሑድ፣ የመሐሉን ቀጥሎ ባለው፣ የቀኙን ከዚያ በኋላ ሣልኩ። ቅንድቡን እንዴት በአንድ ትንፋሽ እንደሚስቡት፣ አፍንጫው ከቅንድቡ ሳይነሣ እንዴት እንደሚወርድ፣ የጉንጩ ቅላት መጀመሪያ ጠቁሮ ከዚያ እንዴት እየቀለለ እንደሚሄድ በቃል ይነግሩኛል፤ እኔ እሠራለሁ። ሲያልቅ ራቅ ብዬ አየሁትና ኮራሁ። ቄስ አዛናውን ጠራኋቸው። ቄስ አዛናው ሦስቱንም ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “መሪጌታ፣ የቀኙ… ያን የመሥሪያ ቤቱን በር ሰውዬ መሰሉኝ” አሉ።

ዞሬ አየሁ። እውነት ነው። እጄ በዚያ ጨርቅ ላይ የለመደውን ጢም፣ የለመደውን ግንባር እዚህም አምጥቶታል። ሦስቱ ፊቶች ከሦስት አገር የመጡ ሰዎች ይመስላሉ፤ አንደኛው ደግሞ በግልጽ ከመጽሐፏ ሽፋን የወጣ ነው።

“ፋቀው” አሉ መሪጌታ።

በእርጥብ ጨርቅ አርሼ በቢላ ጀርባ መፋቅ ጀመርኩ። ቀለሙ ብቻ መች ይለቃል! ጀሶውን ይዞ ተነሣ። የቀኙ ፊት ላይ አቡጀዲው ራሱ ተቀደደና ጭቃው ታየ። መሪጌታ ዓመታት የለፉበትን ግድግዳ በገዛ እጄ ቀደድኩት። ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መሪጌታ ያኔ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለዩት፤ የጥር ሥላሴም እየቀረበ ነበር። “እኔ አልችልም፣ ሌላ ሠዓሊ ከጎንደር ያስመጡ” አልኳቸው።

“ስንት ፊት ነው የሣልኸው?” አሉኝ።

“ሦስት ነዋ።”

“እኮ! ሦስት ፊት ሥሎ ሥላሴን ያገኘ የለም። አንድ ፊት ሣል፤ ሦስት ቦታ።”

አልገባኝም ነበር፤ እስኪገባኝ ድረስ አሠሩኝ። ቀዳዳውን በአዲስ አቡጀዲ ጠገንኩ፣ ጀሶውን አደረቅሁ። ከዚያ ብሩሹን አንዴ ነክሬ የግራውን ቅንድብ ስቤ እዚያው አልቆምም፤ ያንኑ ቅንድብ መሐል ላይ፣ ያንኑ ደግሞ ቀኝ ላይ እስባለሁ። እመለስና አፍንጫውን ለሦስቱም። እመለስና ከንፈሩን ለሦስቱም። ማንኛቸውንም ቀድሜ አልጨርስም። ግድግዳውን ወዲያና ወዲህ ስመላለስ ለእርሻ የወጣሁ ነበር የምመስለው። መሪጌታ ጀርባቸውን ለሥዕሉ ሰጥተው ብሩሹ ጀሶው ላይ ሲሄድ ያዳምጣሉ።

“የመሐሉ ፈጠነ” ይላሉ። “ድገመው።”

ሳየው እውነትም አጥሮ አገኘዋለሁ። ያለ ዓይን እንዲህ ከሰሙ ለምን ዓይን እንደሚያስፈልጋቸው ማሰብ ጀመርኩ። የመጨረሻውን የዓይን ብሌን ስጨርስ አስኳሉ ሊሸት ሲል ነበር።

“አሁን ያዩኛል?” አሉ።

“ያዩዎታል” አልኳቸው። የማይገባኝን የተናገርኩ መሰለኝና ብሩሹን ማጠብ ጀመርኩ።

የጥር ሥላሴ ዕለት ማሽላ ለመውቃት ቆላ የቆየው ሠራተኛ ሁሉ መጣ። መሪጌታ ከመቅደሱ ግድግዳ ሥር፣ ፊታቸውን ወደ ሰው፣ ጀርባቸውን ወደ ሥዕሉ አድርገው ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው ቆምኩ። ቄስ አዛናው ሥዕሉን የሸፈነውን መጋረጃ ገለጡት። ሰው ሁሉ ሽቅብ አይቶ ዓይን መቁጠር ጀመረ። “የቀኙን ደግሞ ያን ሰውዬ አስመሰልኩት” ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ጉልበት መሬት ሲነካ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ የሁሉም። እልልታው የሣሩን ክዳን ሊያነሣው ደረሰ።

ሰው ሲወጣ እኒያ የጎጃም ሽማግሌ ፊቴን አይተው ቆሙ።

“አንተ አይደለህ እንዴ የዚያን በር ሥዕል የሣልኸው?”

“እኔ ነኝ፣ አባቴ።”

“ያኔማ መላጣው ግራ አጋብቶን ነበር! ሦስት ናቸውና ይሁን ብለን ሰገድን።”

መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው የሰውየውን ጋቢ ያዙ። “ዛሬስ ስንት ዓይን ቆጠርህ?”

“ስድስት።”

“እኩል ናቸው?”

ሰውየው ዞረው እንደገና አዩ። አልቸኮሉም። “እኩል ናቸው፣ መሪጌታ። አንዱን ካንዱ መለየት አልቻልኩም።”

መሪጌታ “እህ” አሉ። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። እኒያ ሁልጊዜ ጀርባቸውን የሚሰጡት ሰው ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ በማያዩት ዓይናቸው ሽቅብ አዩና ሰገዱ። ሲነሡ ትከሻዬን ያዙኝ። “እፎይ!” አሉ። እኔም ከዚያ ሌላ ምስጋና አልፈለግሁም።

መሪጌታ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እኔም መሥሪያ ቤቱን ትቼ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ ሳልሠራ ከአብርሃ ጅራ እስከ ገለጉ በየቤተ ክርስቲያኑ ስሥል አረጀሁ። ለማየት ፈርቼ ያቆየሁት ያንኑ ሥዕል ነው። ሌላው ሁሉ ጠማማ ቢሆን ግድ የለኝም፤ ያ ጠማማ ከሆነ ግን “ያዩዎታል” ብዬ ለመሪጌታ የነገርኳቸው ውሸት ሊሆን ነው። ባለፈው ሳምንት ልቤን አጽንቼ ሄድኩ። ክዳኗ ቆርቆሮ ሆኗል፤ መቅደሱ ግን እንደነበረ ነው። ገብቼ ቶሎ አላየሁም። ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩና መጀመሪያ እነሱ እንዲያዩኝ ጠበቅሁ። ከዚያ በአዲሱ ዓይኔ ዞሬ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አንድ በአንድ አየኋቸው።

እኩል ናቸው። እፎይ አልኩ።